«አሉ» የጎደለው ጨረር

ካልጋሪ፣ ሬድስቶን
ኖቬምበር 21 ቀን 2015 (በእርስዎ ኅዳር 11 ቀን 2008)

ለተከበሩ አባባ የሺዋስ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ ከብርዱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጆሮዎን ይክፈትልን።

እስከዚህ ድረስ ያለው የእማዬ ነው። አጠገቤ ቆማ አስጻፈችኝ፤ የጆሮውን ብቻ እኔ ጨመርኩ። አሁን ወደ ሺፍቷ ሄዳለች። ከዚህ በታች ያለው የኔ ስለሆነ ሰላምታው ይቀንሳል፣ ወሬው ይጨምራል።

ናሆሚ ነኝ፣ የወንድምዎ ልጅ የገብረመድኅን ልጅ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩኝ በአራት ዓመቴ ቢሾፍቱ ስንመጣ ነው። ያኔ ሬዲዮዎ ውስጥ ብስኩት ከትቻለሁ ይባላል፤ እኔ አላስታውስም፣ ስለዚህ አላመንኩም። እማዬ ደብዳቤ እንድጽፍ ያዘዘችኝ አንድም አማርኛዬ እንዳይጠፋ ነው፤ አንድም በስልክ ከእርስዎ የምንሰማው «ሃሎ? ማን ልበል?» ብቻ ስለሆነ ነው። ባለፈው አባዬ «ሥራ አቁሜያለሁ» ሲልዎት «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብለው መርቀውታል። «አሜን» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አባባ፣ አላቆመም። አስቁመውት ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ካልጋሪም አብራ ወደቀች። አባዬ የነዳጅ ቧንቧዎችን ግፊት የሚያነቡ መሣሪያዎችን የሚያስተካክል ቴክኒሺያን ነበር፤ በጁን ሌይኦፍ ተደረገ። እሱ ብቻ አይደለም። እኛ መንገድ ላይ ካሉት ቤቶች በግማሹ አባት ቀን ቀን ቤት ነው የሚውለው። በምን አወቅሽ ቢሉኝ፣ በበረዶው። ድሮ እስከ ማታ ተኝቶ ይቆይ የነበረ በረዶ አሁን መሬት ሳይነካ ይጠረጋል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባዬ ከሴፕቴምበር ጀምሮ አንድ ካምፓኒ ጋ ይሄዳል። ስሙን እንዳልጽፍ «ሚስጥር ነው» ብሎኛል፤ ዌብሳይታቸው ላይ እኔን በሚያህል ፊደል ተጽፏል፣ ግን ይሁን። የሚሠሩት ጨረር ነው። ከተማ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ የጠላት ድሮን ሲመጣ አየር ላይ ያሳውረዋል። አባዬ በሳምንት አምስት ቀን እዚያ መጋዘን ገብቶ ሽቦ ይበይዳል። ዋናው መሣሪያ መሃል ላይ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል፤ አባዬ ራሱ ውስጡን አላየውም። ደሞዝ የለውም። ሠራዊቱ ኮንትራቱን የፈረመ ዕለት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሁሉ አለቃ ይሆናሉ ተብሏል። «አባዬ፣ ይሄ ቮለንቲር ማድረግ አይደለም?» ስለው «ይሄ ታሪክ መሥራት ነው» አለኝ። ታሪክ በሰዓት ስንት ይከፍላል ልለው ነበር፤ እማዬ በዓይኗ ከለከለችኝ።

በዚህ መሃል ጋሼ ዓብዱልቃድር አሉ። ሜይላንድ ሃይትስ ነው የሚኖሩት፣ የከተማው አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አባዬን እዚያ ለሹፌርነት አስመዘገቡት፤ ፈተናውን አለፈ። ለትሬኒንግ ና ብለው ጽፈውለታል። ደብዳቤው ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፎ ቀርቷል።

እና «ጨረሩ እውነት ይሠራል?» ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ አባዬ አንድ መልስ አለው። «አጎቴ ሻምበል ባሻ የሺዋስ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ በዓይናቸው አይተዋል። ጨረሩ ጄቱን ከሰማይ አሳውሮ መለሰው።» ከዚያ በኋላ የሚከራከር የለም። እኔ ይሄን እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

አባባ፣ አባዬ ከማንም ቃል ይልቅ የእርስዎን ይሰማል። ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉለት፤ አውቶቡሱ ሳያመልጠው። እግረ መንገድዎን ደግሞ ለኔ ይንገሩኝ፤ ያ ጨረር ምን ይመስል ነበር?

ከዚህ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይጻፉ፣ እልካለሁ።

አክባሪዎ ናሆሚ

የረሳሁት፦ እርስዎ ገና 2008 ላይ ስለሆኑ ይህ ደብዳቤ ከተጻፈበት ሰባት ዓመት ቀድሞ ይደርስዎታል። ፖስታ ቤቱን ያመስግኑልኝ።


ቢሾፍቱ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለናሆሚ ገብረመድኅን፣

የላክሽው ደብዳቤ ታኅሣሥ 4 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እጄ ገብቷል። እንደምን አለሽ? አባትሽ እንደምን አለ? እናትሽ ትግስት እንደምን አለች? እኔ ጆሮዬን ሳይጨምር ደህና ነኝ። ከአፍሽ ቀልድ፣ ከቤታችሁ በረከት አይጥፋ።

ብስኩቱ እውነት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሬዲዮው እስከ ዛሬ ሲሞቅ ብስኩት ብስኩት ይሸታል፤ ጉንዳን ዜና ለመስማት ይገባበታል።

አባትሽን እንኳን ደስ ያለህ ያልኩት ጡረታ የወጣ መስሎኝ ነው። አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቀ ብለሽ ግን አትንገሪው፤ ቁስሉን መንካት ይሆናል።

ጻፉለት ያልሽኝን አስቤበታለሁ። አባትሽ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ከእኔ በላይ ተምሯል። ያላዩትን መሣሪያ አይሠራም ብሎ መጻፍ ደግሞ ነውር ነው። መጀመሪያ ልየው። እኔ በጦሩ ውስጥ ሬዲዮ መጠገን ብቻ ሳይሆን የመልእክት አጻጻፍ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ለምልምል መጀመሪያ የማስተምረው ሽቦ አልነበረም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ነበር። በአማርኛ የነገሩ ቁልፍ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። «ጠላት በድልድዩ በኩል ወደ ምሥራቅ» ብሎ መስመሩ ቢቆረጥ፣ መጣ ነው? ሄደ ነው? ይመጣል አሉ ነው? ሰው የሚሞተው እዚያች ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ዘንድ ማንኛውም መልእክት ከሦስት በአንዱ ይታሰር ነበር፤ አየሁ፣ ሰማሁ፣ አሉ። «አየሁ» ከሆነ ጦሩ ይነሳል። «ሰማሁ» ከሆነ የጫማውን ክር ያጠብቃል። «አሉ» ከሆነ ሻዩን ይጨርሳል። «አሉ»ን ጥሎ የተገኘ ምልምል ሜዳውን አሥር ጊዜ ይዞር ነበር።

የካምፓኒውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሰሽ ላኪልኝ። ማሰሪያ አንቀጾቹን በቀይ አስምሪባቸው።

የጆሮ መሣሪያዬ ባትሪ እዚህ ጠፍቷል። ካገኘሽ ቁጥሩ 312 ነው፤ ጀርባው ላይ ቡናማ ወረቀት ተለጥፎበታል።

ስለ ጨረሩ የጠየቅሽኝ ረጅም ወግ ነው፤ ወረቀቱም አለቀ።

የሺዋስ


ካልጋሪ
ጃንዋሪ 10 ቀን 2016

ለተከበሩ አባባ የሺዋስ፣

እንኳን ከገና ወደ ጥምቀት አሸጋገረዎ። እማዬም አባዬም ጉልበትዎን ይስማሉ። ባትሪዎቹ እዚህ ወረቀት ላይ ተለጥፈዋል፤ ሁለት ካርድ ነው፣ ቀስ ብለው ይላጡት።

«ወረቀቱም አለቀ» ካሉበት በታች በማስመሪያ ለካሁ። አሥራ አንድ ሳንቲሜትር ባዶ ወረቀት አለ። ለማንም አልናገርም።

ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። እንግሊዝኛው ሲነበብ እንደ ጄት ይበራል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ግሡ መጨረሻ ላይ በር ዘግቶ ቆሞ ይጠብቃል፣ ማለፊያ የለም። ሙሉው ከዚህ ጋር አለ፤ ለቅምሻ ያህል፦

«የቀጣዩ ትውልድ የመከላከያ ጃንጥላ ማንኛውንም የአየር ጥቃት እንደሚያስቆም ይታመናል።» በማን? አልተጻፈም። ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

«መሣሪያው በብርሃን ፍጥነት ዒላማውን እንዲያሳውር ታስቧል።» እኔም ሒሳብ ዘጠና እንዳመጣ ታስቦ ነበር።

«የጦርነትን መልክ ለዘላለም ሊለውጥ ይችላል።» እማዬ ለሰው «ልመጣ እችላለሁ» ስትል እንደማትመጣ አገር ያውቃል።

አረፍተ ነገሩ ሠላሳ አንድ ነው። ይታመናል ዘጠኝ፣ ይችላል ስምንት፣ ይጠበቃል ሰባት፣ ታስቧል ስድስት። አንዱ ብቻ በደንብ ታስሯል፤ እሱም ከታች በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ነው፦ «ሥዕሉ ለማሳያ ብቻ የቀረበ ነው።» አየሁ ዜሮ። ሰማሁ ዜሮ።

ይሄን ለአባዬ ባሳየው «አንቺ ሰዋስው ታያለሽ፣ እኔ ሰርኪት አያለሁ» አለ።

ቅዳሜ ዕለት ተከትዬው ሄድኩ። ፔንብሩክ ሜዶውስ አጠገብ አንድ ዶናት ቤት አለ፤ የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ እዚያ ነው። ጋሼ ጎይትኦም፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር፣ አንድ ትንሽ ቡና ገዝተው አራት ሰዓት ይቀመጡበታል፤ በዚያ ውስጥ ሦስት የዓለም ጦርነት ተጀምሮ ያልቃል።

«አንዲት ቁልፍ ነች» አሉ። «ጫን ታደርጋታለህ፤ ያገር መብራት ድርግም።»

«የት አዩት ጋሼ?» አልኩ።

«ቪዲዮ አለ።»

«ቪዲዮው ላይ ምን ይታያል?»

«አንድ ሰውዬ ይናገራል። ትልቅ ሰው ነው፣ ከረባት አለው።»

ጋሼ ዓብዱልቃድር ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ነበር። «ጎይትኦም፣ እነሱ በአንድ ቁልፍ አገር ይዘጋሉ፤ አንተ በቁልፍህ መኪናህን መክፈት አቅቶህ በኋላ በር ትገባለህ» አሏቸው።

«የኔ መኪና ሌላ ጉዳይ ነው። ፓርትስ የለውም።»

ከዚያ ጋሼ ዓብዱልቃድር ወደ አባዬ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ገብሬ፣ የሚጠብቁህ እስከ ኤፕሪል 8 ነው። ትሬኒንጉ በ18 ይጀምራል። ቦታው ካለፈህ፣ ሌይኦፍ የሆነ ሰው ሁሉ ተሰልፎበታል። ምን ልበላቸው?»

«ማርች ላይ ዴሞ አለን» አለ አባዬ። «መሣሪያው ሲሠራ ለማየት ጄኔራሎች ይመጣሉ።»

«ስንት ጄኔራል?»

«ይጠበቃል።»

አባባ፣ በልቤ በቀይ አሰመርኩበት።

ኤፕሪል 8። እባክዎ ይጻፉለት።

ናሆሚ


ቢሾፍቱ
የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለናሆሚ፣

ሰላምታዬ ለቤተሰቡ በሙሉ ይድረስ። ባትሪዎቹ ደርሰዋል፤ ከሰጪ እጅ አይንጠፍ። አሁን ጎረቤቴ የሚያማኝን ጭምር በጥራት እሰማለሁ። ከእንግዲህ ሌላ አትላኪ።

ትርጉምሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጎበዝ ነሽ። «ለማሳያ ብቻ» የምትለዋ ከሁሉም ሐቀኛዋ ናት። ሆኖም አንድ ጽሑፍ በደንብ ስላልታሰረ መሣሪያው የለም ማለት አይቻልም። የጦር መሣሪያ ሚስጥር አለው። የእኛም ጨረር የጦር ሚስጥር ነበርና ስለሱ ልጽፍልሽ አልችልም። አባትሽንም መምከር የእኔ ቦታ አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሠፈራችን ትምህርት ቤት ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ጨረሩ እንድናገር ጋብዞኛል። ኮቴን አሳጥቤያለሁ።

የእናትሽን ጤና ጻፊልኝ። በሁለተኛው ደብዳቤሽ ያነሳሻት ለሰላምታና ለቀልድ ብቻ ነው።

የሺዋስ


ካልጋሪ
ማርች 5 ቀን 2016

ለተከበሩ አባባ የሺዋስ፣

ሰላምታ ከሁላችን። ዛሬ አጭር ነው።

ለኔ የጦር ሚስጥር፣ ለስድስተኛ ክፍል ክፍት? ኦኬ። አሥራ አንድ ሳንቲሜትሩን አልፌዎት ነበር፤ ይሄን ግን አላሳልፍም።

እማዬን ብዙ ያላነሳኋት ስለማላያት ነው። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሰው ታጥባለች፣ ሰው ታነሳለች። አባዬ ታሪክ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሺፍት ሆኗል። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ ጋራዥ ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ተኝታ አገኘኋት። ቀበቶዋን እንዳሰረች። «ለሦስት ደቂቃ ዓይኔን ልጨፍን ብዬ ነው» አለችኝ። መኪናው ላይ የነበረው በረዶ ሁሉ ቀልጦ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቶ ነበር። በሦስት ደቂቃ አይቀልጥም። ለአባዬ እንዳልናገር አስማለችኝ፤ ስለዚህ ለእርስዎ ጻፍኩ።

ዴሞው ወደ መጸው ተላልፏል። ጄኔራሎቹ አሁንም ይጠበቃሉ።

በዴሞው ፈንታ ቪዲዮ ላኩ። አባዬ ሳሎን ውስጥ በትልቁ ስክሪን ከፈተው። አንዲት ድሮን ሜዳ ላይ ትበራለች፣ ሰውዬው ቁልፍ ይጫናል፣ ድሮኗ ቀስ ብላ ትወርዳለች። አባዬ አጨበጨበ። እኔ መልሼ አየሁት። የክፍሌ ልጅ ኖኅ ልክ እንደዚያችው ያለች ድሮን አለችው፣ ከሱቅ የተገዛች። ባትሪዋ ሊያልቅ ሲል ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ትልና ራሷ ቀስ ብላ ታርፋለች። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ቀዩ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ብሏል። ቆጥሬያለሁ። ለአባዬ አቁሜ አሳየሁት። አየው። ከዚያ ምን አለኝ መሰለዎት?

«ጋሼ የሺዋስ በዓይናቸው ያዩትን ልትክጂ ነው?»

ስለዚህ አባባ፣ ነገሩ ካምፓኒው ጋ አይደለም፤ እርስዎ ጋ ነው ያለው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ ከሦስት ቃል አንዱን መርጠው ይመልሱ። ጨረሩ ጄቱን ሲያሳውር፦ አየሁ፣ ሰማሁ ወይስ አሉ?

ወረቀት እንዳያልቅብዎ ባዶ ወረቀት ጨምሬ ልኬያለሁ።

ናሆሚ


ቢሾፍቱ
መጋቢት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለገብረመድኅን፣ ለልጄ ለናሆሚ፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ዛሬ አላረዝመውም። ይህን ደብዳቤ ቀኑ እንዳያልፍ ብዬ ወደ እናንተ ከተማ በምትመለሰው በፀሐይወርቅ እጅ ልኬዋለሁ። ናሆሚ፣ ለአባትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት። ብቻውን ካነበበው ይዘላል። እኔም ስጽፈው ልዘል ፈልጌ ነበር። ያንቺ ደብዳቤ ሬዲዮው ላይ አሥር ቀን ተቀምጧል።

ገብሬ፣ ነሐሴ 1969 ድሬዳዋ አጠገብ አንድ ኮረብታ ላይ ነበርኩ። በካምፑ ዳር በአረንጓዴ ሸራ የተሸፈነ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል የብረት ሣጥን ቆሞ ነበር። ጄኔሬተር ቀን ከሌት ያጉረመርምለታል። ሁለት ዘብ ይጠብቀዋል። ከሠላሳ ሜትር ወዲያ መቅረብ ክልክል ነው። ወታደሩ ስም አወጣለት፤ ጨረር ነው አሉ። አውሮፕላን ያሳውራል አሉ። አንድ ረፋድ ላይ የጠላት ጄት መጣ፤ ከኮረብታው በላይ አንድ ጊዜ ዞረና ወደመጣበት ተመለሰ። ይህን አየሁ። ጨረሩ አሳወረው አሉ።

በሳምንቱ ሣጥኑ ዝም አለ። ጄኔሬተሩ ይሠራል፣ ሣጥኑ አይሠራም። ባለሙያ ስለጠፋ ሬዲዮ ጠጋኙን ጥሩ ተባለ። ሸራውን ገለጥኩ። ገብሬ፣ የሥጋ ማቀዝቀዣ ነበር። የሹማምንቱ። ሦስት ሙዳ የበግ ሥጋና አንድ ሣጥን ቢራ አየሁ። ፊውዙን ቀየርኩ። ዘቡ አንዱን ሙዳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝና «ምንም አላየህም» አለኝ። በላሁት። የጦር ሚስጥር ያልኩት ይህን ነው።

ጄቱ ለምን እንደተመለሰ አላውቅም። ነዳጅ አልቆበት ይሆናል። ናሆሚ ስለ ቀዩ መብራት የጻፈችውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር። አባትህ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከሰው ጋር አትነጋገርም ነበር፤ እናትህ ተጨንቃ «እስኪ አንድ ነገር አጫውተው» አለችኝ። አጫወትኩህ። መጀመሪያ በደንብ ነው ያሰርኩት፤ «አሳወረው አሉ» ነው ያልኩህ። ቀና ብለህ አየኸኝ። በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያህ ነበር። «አሉ ነው ጋሼ ወይስ አይተዋል?» አልከኝ።

አይቻለሁ አልኩህ።

የጣልኩት አንዲት «አሉ» ነች። ምልምል ሜዳ የማዞርባትን ቃል። ከዚያ በኋላ መልሼ ላነሳት አልቻልኩም፤ አንተ ለጓደኞችህ ነገርክ፣ እነሱ ለወላጆቻቸው፣ እድሩ «ባለ ጨረሩ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ባለፈው ወር ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ «ሸራው ምን ዓይነት ቀለም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አረንጓዴ አልኳት። በዚያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር።

ስለ ካምፓኒህ መሣሪያ አላውቅም። ሊሠራም ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ በጥቁር የተሸፈነውን ገልጠህ እይ። ገልጠህ «አየሁ» ካልከኝ ከሁሉ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ። አይገለጥም ካሉህ ግን በእኔ ምስክርነት አትቁምበት። እኔ ምስክር አይደለሁም።

ለእድሩ ገና አልተናገርኩም። በአንተ ጀመርኩ።

የሺዋስ


ካልጋሪ
ኤፕሪል 18 ቀን 2016 (ሚያዝያ 10 ቀን 2008)

ለተከበሩ አባባ የሺዋስ፣

ይህ ደብዳቤ ለፋሲካ ከደረሰ እንኳን አደረስዎ፤ ካልደረሰ ፖስታ ቤቱ ነው። ሁላችንም ደህና ነን፤ ይሄን ዛሬ ለሰላምታ ወግ ያህል አይደለም የምጽፈው።

እትዬ ፀሐይወርቅ ደብዳቤዎን እሁድ፣ ኤፕሪል 3፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አመጡልን። እንዳዘዙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ማቀዝቀዣው ጋ ስደርስ እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። «አሉ ነው ጋሼ» የሚለው ጋ ስደርስ አባዬ ተነሳ። አልተቆጣም። ካፖርቱን ለበሰ፣ አካፋውን ይዞ ወጣና ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን በረዶ መጥረግ ጀመረ። አባባ፣ በረዶ አልነበረም። ደረቅ ሲሚንቶ ነበር። እኔም እማዬም በመስኮት አየነው፤ ጎረቤታችንም አየው። የሥራ አጥ አባቶች ጉዳይ ስለሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ጠርጎ ሲገባ «ቀሪውን አንብቢ» አለኝ። ጨረስኩ።

ሰኞ መጋዘኑ ሄደ። ፕላስቲኩን ግለጡልኝ አላቸው። ኢንቬስተሮች ሳይመጡ አይገለጥም አሉት። ማክሰኞም ጠየቀ፣ ረቡዕም ጠየቀ። «አንተ እኮ የመጀመሪያው ሰው ነህ፣ እንዴት አታምንም?» አሉት። ረቡዕ የሽቦ መበየጃውን በሻንጣ ይዞ ተመለሰ። በር ላይ ያዝኩት።

«ምን አለበት ውስጡ?» አልኩት።

«አላየሁም» አለ።

ይሄው ነው ሪፖርቱ። ባዶ ነው አላለም፣ ሥጋ ነውም አላለም። ሐሙስ ኤፕሪል 7 ለጋሼ ዓብዱልቃድር ኮል አደረገ። ከዚያ እማዬን «ከሁለቱ ሺፍት አንዱን ልቀቂ» አላት። ስለ ጋራዡ የነገርኩት እኔ አይደለሁም። ለካ የጋራዡን ኩሬ የሚጠርገው ራሱ ኖሯል።

ባለፈው ቅዳሜ ዶናት ቤት ጋሼ ጎይትኦም አዲስ ነገር ይዘው መጡ፤ ከባሕር ሥር ሆኖ ደመና የሚያንቀሳቅስ መርከብ። አባዬ አልተከራከራቸውም። «ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል ይጨምሩበት» አላቸው። «የቷን?» «አሉ የምትለዋን።» ጋሼ ጎይትኦም «እሷ ከተጨመረች ምኑን አወራሁት?» አሉ። ቡናቸውን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይበርድ ጨረሱት።

እርስዎን ባለ ጨረሩ ማለቴን አልተውኩም፤ በቤት ውስጥ ብቻ። የእድሩ ነገር የእርስዎ ነው፣ አልቸኩልብዎትም።

ከዚህ በታች ያለው የአባዬ እጅ ነው፤ ትናንት ማታ ወረቀቱን ነጥቆኝ የጻፈው፦

«ጋሼ፣ ናሆሚ አንብባልኛለች፣ አልዘለለችም። ያንን ጨረር ልሥራ ብዬ ነው በዘጠኝ ዓመቴ የእርስዎን ሬዲዮ የፈታሁት። መግጠም ሲያቅተኝ ሳይቆጡ አጠገቤ ተቀምጠው አሳዩኝ። ሙያዬን ያገኘሁት ከዚያ ነው። ስለዚህ ስለጣሏት ቃል ሜዳ አላዞርዎትም። ሥጋውን ለብቻዎ በመብላትዎ ግን አዝኛለሁ። ነገ ሥልጠና እገባለሁ። ገብሬ»

«እገባለሁ» የምትለዋን በቀይ አሰመርኩባት። «ምነው?» ሲለኝ «ገና ነው፣ አልታሰረችም» አልኩት። ፖስታውን ሳላሽግ አደርኩ።

ዛሬ ጠዋት መኪናውን ለእማዬ ትቶላት ወጣ። አውቶቡስ መንዳት ሊማር በአውቶቡስ ሄደ። ቀድሜ ፌርማታው ጋ ሄጄ ከመጠለያው ጀርባ ቆሜ ነበር። አውቶቡሱ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ መጣ፤ በእርስዎ አንድ ሰዓት ከአሥር ማለቴ ነው። አባዬ ወጣ፣ ከፈለ፣ ሹፌሩን ሰላም አለው። ኋላ ብዙ ባዶ ወንበር ነበር። እሱ ግን የመጀመሪያው ላይ ተቀምጦ አንገቱን አስግጎ የሹፌሩን እጅ ይመለከት ነበር።

አየሁ።

ናሆሚ